ጥርሱ የረገፈ ቀዳዳ

አንድ ሞተረኛ ነበረ። ክንዱ የወይራ ግንድ ያህላል፤ በር ሲዘጋ መቃኑ ተነቅሎ ጎረቤት ይገባል።

ይርሳው፣ ጥያቄህን ሰምቼዋለሁ። «አያ ቢተው፣ ሚስቴ ተቀይማ አባቷ ቤት ከገባች ወዲህ ሽማግሌ በላክሁ ቁጥር ይብስባታል፤ ምን ልጨምር?» ነው ያልከኝ። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን ላክህ፤ እምቢ ስትል የንስሐ አባቷን ጨመርህ፤ አሁን ደግሞ የቀበሌውን ሊቀ መንበር ልትጭንባት ነው። ቆይ እስቲ። መልስህ ያለው ሞተረኛው ዘንድ ነው።

የዚህ ሰው እንጀራ አንዲት ሞተር ሳይክል ነበረች። ከገበያ ወደ ገጠር ሰው ያመላልስባታል። አንድ ቀን ሁለት ነጋዴ፣ አንድ በግና አንድ ክምር ቆርቆሮ ባንድ ላይ ጭኖ አቀበቱን ሲወጣ ያላጉረመረመው በጉ ብቻ ነው።

በሞተሩ ሆድ ሥር አንዲት ብሎን አለች፤ አሮጌው ዘይት የሚወጣው እሷ ስትፈታ ነው። ብሎኗ ጠንካራ ብረት ናት፤ የሞተሩ ሆድ ግን ለስላሳ አሉሚኒየም ነው። ሞተረኛው ዘይት በቀየረ ቁጥር ብሎኗን በመፍቻ አጥብቆ አይበቃውም። በመፍቻው እጀታ ላይ የውኃ ቧንቧ ይሰካና በቧንቧው ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። «የእኛ መንገድ ድንጋይ ነው፤ በልክ የጠበቀ ነገር አይታመንም» ይላል። ሲያጠብቅ የሚያሰማውን ማቃሰት ሰምተው ከወንዝ ማዶ ያሉ ሴቶች «ማንን ነው ምጥ የያዛት?» እያሉ ይወጡ ነበር።

አንድ ቀን ብሎኗ ጠብቃ ጠብቃ ድንገት ቀለል አለች። እንዲያው ዝም ብላ ትዞር ጀመር። ሞተረኛው ደስ አለው። «አሁን ገና ታዘዘችኝ!» አለ። ሲያወጣት እላይዋ ላይ እንደ ብር ክር የሚያብለጨልጭ ነገር ተጠምጥሞባታል። «ይሄ ደግሞ የምን ቆሻሻ ነው?» ብሎ በጨርቅ ጠርጎ ጣለው። የጣለው የቀዳዳውን ጥርስ ነበር። ብሎን የሚይዘው ያ ነው፤ ሌላ የሚይዝ የለም።

ከዚያ ዘይቱ ይንጠባጠብ ጀመር። ሞተረኛው ባለፈበት መንገድ ያለ ጉንዳን ሁሉ እየተንሸራተተ ቆላ ወረደ። ዘይት ያለቀበት ሞተር ደግሞ እርስ በርሱ ተፋጭቶ ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ ሞተረኛው እግረኛ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ሰውዬው የሚያውቀውን አደረገ። አጠበቀ። ረዘም ያለ ቧንቧ ፈልጎ እንደገና አጠበቀ። የብስክሌት ጎማ ቀዶ ጠቀለለባትና አጠበቀ። ሳሙና ጠቀጠቀ። ማስቲካ አኝኮ ለጠፈ፤ አንድ አፍ አልበቃ ሲለው ተሳፋሪዎቹንም አስኝኮ ለጠፈ። በመጨረሻ ወፈር ያለች ብሎን በመዶሻ ሰደደባት። እሷም እስከ ገበያው ዳር አደረሰችውና ከነዘይቱ ዘፍ አለች።

እዚያው ገበያ ዳር አንድ መካኒክ ነበረ። ጎንበስ ብሎ ከሥር አየና ጠየቀው፦

«ወንድሜ፣ ይቺን ያጠበቅሃት አንተ ነህ ወይስ በሬ?»

«እኔ ነኝ» አለ ሞተረኛው ኮራ ብሎ።

«በሬ ቢሆን ይሻል ነበር፤ እሱ ሲደክመው ይቆማል።»

መካኒኩ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ ዳሰሰ። «ስፓናቶ ሆኗል፤ ጥርሱ አልቋል። ቀዳዳውን ማስፋት አለብኝ» አለ።

«ምን? ድፈንልኝ ብዬ ብመጣ ልታሰፋው!» ሞተረኛው በደረቱ ሞተር ሳይክሏ ላይ ተደፋ፤ ልጁን ሊወስዱበት የመጡ ይመስል ጥምጥም አለባት። ገበያተኛው በግና ዶሮውን ትቶ ከበበው። «አንዴ ብቻ ላጥብቀው! በእመቤቴ፣ አንዴ ብቻ!»

«ምኑ ላይ ታጠብቀዋለህ? የሚይዝህ ነገር የለም እኮ። እዚያ ውስጥ የቀረው የተሰባበረ ጥርስ ነው። እሱ ተፍቆ ካልወጣ ጤነኛው መቆሚያ የለውም።»

ሞተረኛው ቧንቧውን አየ፤ ቀዳዳውን አየ። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ አድርጎት የማያውቀውን ነገር አደረገ፤ እጁን አነሳ። «በል ሰርስር» አለ።

መካኒኩ ፍቅፋቂው ሞተሩ ሆድ ውስጥ እንዳይቀር የመሰርሰሪያውን ጫፍ ግራሶ ቀባና ሰረሰረ። ቀዳዳው ሰፋ፤ አይጥ ከነቤተሰቧ ትገባበታለች ብልህ አልዋሸሁም። ሞተረኛው ሊያለቅስ ደረሰ። መካኒኩ ግን ጥርስ ማውጫውን አንሥቶ ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ እያለ አዲስ ጥርስ አወጣለት። በዚያም ላይ ውስጡም ውጭውም ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት ከተተበት። ከዚያ ብሎኗን በራሱ በሞተረኛው እጅ ላይ አስቀመጠለት።

«በጣትህ አስጀምራት። ከዚያ በአጭሯ መፍቻ። ስትይዝ ይሰማሃል፤ ያን ጊዜ ተው።»

ሞተረኛው በጣቱ አስጀመራት። ቧንቧ የሚያጎብጠው ክንድ በአጭሯ መፍቻ ቀስ ብሎ አዞራት። ያዘች። ትንሽ ልጨምር፣ አልጨምር እያለ ላብ በላብ ሆነ፤ ግን ተወ። አዲስ ዘይት ተጨመረ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ያም ቧንቧ ዛሬ ውኃ ይወስዳል፤ ድሮም የተሠራው ለዚያ ነው።

እንግዲህ ይርሳው፣ ያ ሞተረኛ አንተ ነህ። ክንዴ ቀጭን ነው ብለህ አታምልጥ። ሚስትህ እማዋይሽ ከአባቷ ቤት ይዛት የመጣችውን ጊደር ሳትጠይቃት ለወንድምህ ሠርግ አረድህባት። ስትናገርህ «ለአንዲት ጊደር ነው ይሄ ሁሉ?» ብለህ ጠርገህ ጣልኸው። የጣልኸው በመካከላችሁ ይይዝ የነበረውን ጥርስ ነው። ከዚያ ወዲህ የላክኸው ሽማግሌ ሁሉ «ተይ፣ እሺ በይ» እያለ የሚያጠብቅ ቧንቧ ነው፤ ሊቀ መንበሩ ደግሞ ረጅሙ ቧንቧ።

«እኔው ራሴ ብሄድ ጊደሯን ታነሣብኛለች፤ ነገሩ ይሰፋል» ልትል ነው፤ ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ አይቼዋለሁ። ይስፋ! አንድም ስባሪ እንዳይቀር ሁሉንም ታውጣው። አንተ እጅህን አንሣ። ጨርሳ ስትተነፍስ «አጥፍቻለሁ» በላት፤ «ግን» የምትለውን ቃል ቤትህ ቆልፈህባት ሂድ።

አሁን ተነሥ፤ ብቻህን። ስትደርስ «ስለ ጊደርሽ ንገሪኝ» በልና ቁጭ በል፤ ነገሯ ረጅም ነው። ሲመሽ እናቷ እራት ካቀረበችልህ አዲሱ ጥርስ ይዟል ማለት ነው። ያን ጊዜ ብላ እንጂ «ታዲያ መቼ ትመለሳለች?» ብለህ እንዳትጠይቅ።