እመት ዛጎል ያካፈለችው ውሃ

አንድ ጊዜ፣ ቀይ ባሕር ደሴቶቹን በቀስታ በሚዳብስበት አንድ ጥግ፣ እመት ዛጎል ነጭ አሸዋ ውስጥ ግማሽ አካሏን ቀብራ ትኖር ነበር። ሁለት ጠንካራ ክዳኖች አሏት፤ ስትፈራ ትገጥማቸዋለች፣ ሲደላት ገርበብ ታደርጋቸዋለች። ከዚያ አሸዋ ርቃ አታውቅም። የፀሐይ ብርሃን ከላይዋ እንደ ወርቅ ክር ሲወዛወዝ እያየች፣ ባሕሩ የት ድረስ ይሆን እያለች ስታልም ትውላለች።

አንድ ማለዳ ሰፊ ጥላ አረፈባት። አያ ክንፎ የሚባለው ዓሣ ነበር፤ ሰውነቱ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ፣ ጅራቱ እንደ አለንጋ ቀጭን፣ ሲዋኝም የሚበር ይመስላል። ዛጎልን በጥርሱ ፈጭቶ መብላት ይወዳል። ያን ቀን ግን ጥርሱን አሞት ስለነበር ራሷ እንድትከፍትለት ፈለገ። ስለዚህ አጠገቧ ተጋድሞ የሩቁን ውሃ ያወራላት ጀመር፤ ከባሕር ሥር ስለበቀለው ቀይ የድንጋይ ደን፣ እንደ ካፊያ ስለሚወርዱት ብርማ ዓሦች። ድምፁ እንደ እንቅልፍ ወሰዳት። ክዳኗ ሳታስበው ተላቀቀ።

«እመት ዛጎል፣ ትንሽ ጨምረሽ ብትከፍቺው እኮ ሁሉንም ታዪው ነበር» አላት።

ይህን ጊዜ ውሃው ወደ ጥልቁ ሲሳብ ተሰማት። ባሕሩ በየቀኑ እንደሚሸሽ ታውቃለችና አያ ክንፎ ቶሎ እንዲሄድ ነገረችው። እሱ ግን ልታባርረው የፈለገች መስሎት ሳቀና ወሬውን ቀጠለ።

ብዙም ሳይቆይ ባሕሩ ጥሎት ሄደ። አያ ክንፎ እርጥብ አሸዋ ላይ ተዘርግቶ ቀረ፤ ክንፎቹ ከበዱት፣ ፀሐይዋም ጀርባውን ታቃጥለው ጀመር። እመት ዛጎል ግን ክዳኖቿን ገጥማ በውስጧ ጥቂት ውሃ አስቀረች።

«የመጣሁት ልበላሽ ነበር» አለ በደከመ ድምፅ። «አሁን ግን ትንፋሽ አጠረኝ።»

ፈራች። ውሃው ለራሷም በቅጡ አይበቃም። ሆኖም ያ ያስተኛት ድምፅ እየሳሳ ሲሄድ አንጀቷ አልቻለም።

«አያ ክንፎ፣ ክዳኔን አልከፍትልህም። ውሃዬን ግን አካፍልሃለሁ» አለችው።

በክዳኖቿ መካከል ባለችው ጠባብ ስንጥቅ በኩል፣ ከዓይኑ ኋላ ወዳለው መተንፈሻ ቀዳዳ ውሃዋን በጥቂት በጥቂቱ ትረጭለት ጀመር። በሰመመን፣ ሁለቱም የማዕበሉን ድምፅ ከሩቅ ሲያዳምጡ ቆዩ። ውሃዋ ሊያልቅ ሲል ባሕሩ እየተንሾካሾከ ተመለሰ።

አያ ክንፎ ተነሣ። አንዴ ዞራትና ክንፎቹን ዘርግቶ ወደ ሰማያዊው ጥልቀት ሄደ። ከዚያ ወዲያ በዚያ አሸዋ ላይ ሲያድን ያየው የለም።

ከዚህ የምንማረው፣ ሊጎዳን ለመጣው እንኳ በጭንቁ ጊዜ ልንራራለት እንደሚገባ፣ ስንራራለት ግን ራሳችንን አሳልፈን መስጠት እንደሌለብን ነው።