የሚያጓራው መሪ

አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ ሥራ አስኪያጅ የመኪናቸው በር ከመሥሪያ ቤቱ ደረጃ ፊት ለፊት ካልሆነ አይወርዱም። ግቢው ጠባብ ነውና ሹፌሩ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ ይይዛል። ዘበኛው ሮጦ መጥቶ በር ከፍቶ ሰላምታ እስኪሰጣቸው ድረስ መሪው እንደ ኮርማ ያጓራል።

አቶ ልሳነወርቅ ተናደው የመሪውን ፓምፕ አስቀየሩ፤ አጓራ። ቱቦውንና ቺንጋውን አስቀየሩ፤ ባሰበት። በመጨረሻ ሹፌሩን ቀየሩት።

አዲሱ ሹፌር ሥራ በጀመረበት ቀን መሪው በሠራተኛው ሁሉ ፊት አጓራ። አቶ ልሳነወርቅ ከኋላ ወንበር ጮኹበት።

«ስማ አንተ፣ እስካሁን ያልተቀየረ ዕቃ ካለ አሁኑኑ ንገረኝ፤ ዛሬውኑ ይቀየራል። ካልነገርከኝ ግን የምትቀየረው አንተ ነህ።»

ሹፌሩ መሪውን ለቀቅ ሲያደርገው ጩኸቱ ጸጥ አለ።

«ጌታዬ፣» አለ፣ «የሚያጓራው ጠምዝዤ ስይዘው ነው፤ የምይዘው ደግሞ እርስዎ እስኪወርዱ ነው። ፓምፑ አዲስ ነው፣ ቱቦው አዲስ ነው፣ ቺንጋው አዲስ ነው፣ እኔም አዲስ ነኝ። ይቺ መኪና ከተገዛች ጀምሮ ሳይቀየሩ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ዛሬውኑ ይቀየራል ያሉትም እርስዎ ነዎት።»