የተባለውን ላለመድገም

በአንድ መሥሪያ ቤት ምላሷ የሰላ ፕሮግራመር ነበረች። ባልደረቦቿ ያንኑ ትእዛዝ ሁለት ሦስቴ እየጻፉ ቢያስቸግሯት፣ የሚጽፉትን ኮድ ለኮምፒውተሩ በሚተረጉመው ፕሮግራም ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረችበት፦ «ይህ ከላይ ተብሏል፤ እዚህ የሚጨምረው ነገር የለም።» ሥራ አያስቆምም፤ ማስጠንቀቅ ብቻ ነው።

በማግስቱ ዋና ሥራ አስኪያጁ ዶክተር ልዑልሰገድ በወጣትነታቸው የጻፉት፣ ማንም እንዲነካባቸው የማይፈልጉት ኮድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በማስጠንቀቂያ ተሞላ። ሰውዬው ደማቸው ፈላ። ወዲያው ሠራተኛውን ሁሉ ለስብሰባ ጠሩ።

አንደኛው ምክትላቸው ተነሥተው «ይህ ማስጠንቀቂያ የአለቃን ክብር ይነካል» አሉ። ሁለተኛው ምክትል ተከተሉና «የተባለውን ላለመድገም ያህል፣ የአለቃን ክብር ይነካል» አሉ። በመጨረሻ ዶክተሩ ራሳቸው ማይክሮፎኑን ያዙ። «እኔም የተባለውን ላለመድገም ያህል…» ብለው ጀመሩና፣ የሠራተኛው ሆድ በረሃብ እስኪጮህ ድረስ የተባለውን ሁሉ አንድ በአንድ ደገሙት።

ሲበቃቸው ወደ ፕሮግራመሯ ዞሩ።

«አንቺ! ይህን ድፍረት ከማን ነው የተማርሽው? አሁኑኑ በሰው ፊት ተናገሪ፤ አለዚያ ዕቃሽን ሸክፈሽ ውጪ!»

ቀስ ብላ ተነሣች፤ ነጠላዋንም አስተካከለች።

«ከእርስዎ ነዋ፣ ዶክተር! እርስዎ ሊደግሙ ሲሉ ‹የተባለውን ላለመድገም› ብለው አስቀድመው ያስጠነቅቁናል። ኮምፒውተሩ ግን አሳዳጊ የበደለው ሆኖ ዝም ብሎ ይደግም ነበር። እኔ ያስተማርኩት የእርስዎን ጨዋነት ነው።»