የሸማኔው የዘወልዴ በር

ድሮ ነው ልጆች። ዛሬ ጥድ የሆነው ፍሬ ሳለ፣ ዛሬ ሽማግሌ የሚባለው በአባቱ ወገብ ሳለ። ያን ጊዜ በደጋው አፋፍ ላይ አስታዬና ጅብራ የሚባሉ ሁለት መንደሮች ነበሩ። በመካከላቸው አንድ ሜዳ ነበር። ሜዳው የማንም አልነበረም፤ ስለዚህ ሁለቱም የኔ ነው ይሉ ነበር።

በልደት ቀን ሁለቱ መንደሮች በዚያ ሜዳ ገና ይጫወታሉ። ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩር ይመታል። ሩር ማለት ከወይራ ሥር የተጠረበች ክብ እንጨት ናት፣ ጥርስ የምታወልቅ። በሜዳው በየጫፉ ሁለት ድንጋይ ይቆማል፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው በር ይባላል። በባላጋራው በር ሩር ላስገባ ይዘፈንለታል፣ ሴቱ እልል ይልለታል። በሩን ለሚጠብቀው በረኛ ግን ማንም አይዘፍንለትም። ስንቷን መልሶ አንዷ ያመለጠችው እንደሆነ የሚወሳው በአንዷ ነው። ስለዚህ በረኛ ልሁን የሚል ወንድ አይገኝም ነበር። ወንዶች የሚወዱት የሚዘፈንበትን ሥራ ነው፤ በቤትም እንዲሁ ናቸው።

በአስታዬ ዳር ዘወልዴ የሚባል ሸማኔ ይኖር ነበር። መጤ ነው። ርስት የለው፣ ወገን የለው። ጊዜው ደግሞ ሸማኔ ቁጢት በጣሽ እየተባለ የሚሰደብበት ጊዜ ነው። እሱ የሠራላቸውን ለብሰው ይሰድቡታል። ሸማኔ የሚሠራው ጉድጓድ ቆፍሮ፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ነው። ዘወልዴ በሄደበት አገር ሁሉ ቆፍሯል። ተነሥ በተባለበት አገር ሁሉ ደፍኖ ተነሥቷል።

ሚስቱ አስካለ ነፍሰ ጡር ነበረች። «ስማኝ አንተ ሰውዬ» አለችው፤ «ይህን ልጅ በመንገድ አላሳድገውም። ተነሡ የማንባልበት ቦታ ፈልግልኝ።»

ዘወልዴ ወደ ጭቃ ሹሙ ወደ ወንድይራድ ሄደ። ጭቃ ሹም ማለት የመንደሩ አለቃ ነው፣ ቦታ ሰጪ ቦታ ነሺ። ዘወልዴ እጅ ነሣና «ጌታዬ፣ ጎጆዬ ያለችባትን መሬት ይስጡኝ» አለ።

ወንድይራድ ሳቀ። «የገና ዕለት በራችንን ጠብቅ። ሩር ካላለፈብህ ቦታው ያንተ ነው። ካለፈብህ ግን ጨርቄን ማቄን ሳትል ትነሣለህ።»

የመጀመሪያው ገና ደረሰ። ሜዳው ላይ ውርጭ ተጋግሮ መስተዋት መስሏል። በዚያ ላይ ሩር አትንከባለልም፣ ትንሸራተታለች። የጅብራ ጎረምሳ መታ፤ ሩሯ መሬት ለመሬት እየተምዘገዘገች መጣች። ያን ጊዜ በረኛ ቀጥ ብሎ ይቁም የሚል ሕግ ነበር። ወንድ ለታቦትና ለንጉሥ እንጂ ለእንጨት አይንበረከክም ይሉ ነበር። ዘወልዴ ግን ዕድሜውን ሙሉ የሽመና መወርወሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ስትሮጥ በዓይኑ ሲከተል የኖረ ሰው ነው። ከጉድጓዱ ሆኖ ዓለምን ከታች ያየ ሰው ነው። ዱብ ብሎ ተንበረከከ። ሩሯን በጉልበቱና በዱላው መካከል አስቀራት።

ጅብራዎች ጮኹ። «ተንበረከከ! ነውር ነው! ጸሎት ነው ወይስ ጨዋታ?»

አስታዬዎችም በረኛቸው አሳፈራቸው፤ አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ከጅብራ አያ ድልነሳ የሚባሉ ሽማግሌ ጠየቁት። «አንተ፣ ምን ብለህ ተንበረከክህ?»

«ሩሯ በታች መጣች አባቴ። በላይ ብትመጣ እዘል ነበር።»

አያ ድልነሳ ጢማቸውን ይዘው አሰቡ። «ሩሯን ቀጥ ብለሽ ነይ የሚላት ሕግ የለንም። ይንበርከክ፤ ጉልበቱ የገዛ ራሱ ነው።»

ያን ቀን በዘወልዴ በር ሩር አላለፈችም። ማምሻውን ወደ ወንድይራድ ሄደ። «ቦታው ጌታዬ?»

«ለከርሞም ጠብቅ። ለከርሞ ይሰጥሃል።»

ዘወልዴ እሺ አለ። አስካለ እሺ አላለችም። «ለከርሞ የሚባል አገር የለም» አለች፤ «እዚያ ጎጆ አይቀለስም።»

ልጁ ተወለደ፤ ወንድ ነው። አስካለ አራስነቷን እንደጨረሰች የጠፍር አልጋ ከሚታሰርበት ቆዳ ቀጫጭን ጠፍር ቆረጠች። የእንጨት ቀለበት አጠፈች፣ ጠፍሩን እንደ ወንፊት ጠለፈችበት። «ይህን ፊትህ ላይ እሰር» አለችው። ዘወልዴ ሣቀባት። «ሰው ምን ይለኛል?» አለ። «ሰውማ ጥርስህ ሲወልቅም ይስቃል» አለችው።

ሁለተኛው ገና ደረሰ። ዘወልዴ ወንፊቱን ትቶ ባዶ ፊቱን ቆመ። ጨዋታው ሳይጋጋል ሩር ፊቱን አገኘችው። አፍንጫው ተሰበረ፣ ጥርሱ ወለቀ፣ በጀርባው ወደቀ። ሩሯ ግን አላለፈችም፤ ፊቱ መለሳት። ወንዶቹ ከበው አዩት። አንዳቸውም በሩን ልያዝልህ አላሉትም።

አስካለ ልጇን አዝላ ወደ ሜዳው ገባች። ሴት ሜዳ አትገባም ነበር፤ ማን ሊያስወጣት! ደሙን በነጠላዋ ጠረገች። ቅቤ ቀባችው። ወንፊቱንም ፊቱ ላይ አሰረች፣ ከማጅራቱ ቋጠረችው። «አሁን ተነሥ» አለችው። ተነሣ።

ሜዳው በሣቅ አበደ። «ዱቄት ሊነፋ መጣ!» አሉ ጅብራዎች። «ንፋው ሸማኔ! ገለባው እንዳይቀላቀል!» አስታዬዎችም አብረው ሣቁ። ሩሯ መጣች፤ ወንፊቱን መታችና እግሩ ሥር ወደቀች። ደግማ መጣች፤ ደግማ ወደቀች። ሣቁ እያነሰ እያነሰ ሄደ። በሳምንቱ የጅብራው በረኛ ሚስት ቅል ሙሉ ቅቤ ይዛ ወደ አስካለ በጓሮ መጣች። «እታለም፣ እንዲያው ለኔም ባል አንዲት ወንፊት» አለች። ሣቂ ሁሉ መጨረሻው ጓሮ ለጓሮ ነው።

ዘወልዴ ወደ ወንድይራድ ሄደ። «ቦታው ጌታዬ?»

«ለከርሞም ጠብቅ። ለከርሞ ይሰጥሃል።»

ሦስተኛው ገና ደረሰ። የዘወልዴ ልጅ ቆሞ መሄድ ጀምሯል። በዚያ ማለዳ የጅብራው በረኛ ውርጩ አንሸራትቶት እግሩ ተሰበረ። በሁለቱ መንደሮች ዘንድ በረኛ ያጣ ከባላጋራው ይለምናል፣ ባላጋራውም አይነፍግም። ጅብራዎች ለመኑ። አስታዬዎች ተማከሩ፤ የወገናቸውን ልጅ መስጠት አልወደዱም። «ሸማኔውን ስጧቸው፤ እሱ የማንም ነው» አሉ፤ በራሳቸው በር ሌላ ሰው አቆሙ።

ወንድይራድ ዘወልዴን በሜዳው ዳር ካለ ካብ ጀርባ ወሰደው። ትከሻውን አቀፈው፤ ከዚያ በፊት ነክቶት አያውቅም። «አንዷን ልቀቃት» አለው፤ «አንዷን ብቻ። ልጄ አጥናፉ ይመታታል። ለከርሞ አልልህም። ዛሬውኑ በሽማግሌ ፊት ቦታው ያንተ ነው።»

ዘወልዴ እሺም አላለ፣ እምቢም አላለ። ወደ ጅብራ በር ሄደ። በረኛ ሲቆም ሁለቱን ድንጋዮች በእጁ ዳስሶ «በሩን ተረከብሁ» ይላል፤ ደንቡ ነው። ዘወልዴ ድንጋዮቹን ዳሰሰ። ቃሉንም አለ።

ጨዋታው ተጀመረ። ቀኑ ተጋመሰ፤ ማንም አላገባም። በመጨረሻ አጥናፉ ሩሯን ይዞ ብቻውን መጣ። ዱላውን አነሣ፤ ሩሯን እንደ እንቁላል ነካት። ሩሯ በውርጩ ላይ ቀስ ብላ እንደ ጨቅላ እየዳኸች መጣች። የታወረ ሰው የሚይዛት ሩር ናት። ዘወልዴ በወንፊቱ ቀዳዳ አያት። ከሩሯ ኋላ ወንድይራድ ራሱን ሲነቀንቅ አየ። ከወንድይራድ ኋላ አስካለን አየ፤ ልጁ ቀሚሷን ይዞ ቆሟል። ጎጆውንም አየ፣ ጢሱንም አየ። እግሩን ዘርግቶ ቢቆም ይበቃው ነበር። ምንም ባያደርግ ይበቃው ነበር።

ተንበረከከ፤ ሩሯን ያዛት።

ከዚያ በኋላ ጅብራዎች አገቡ፣ አሸነፉም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለ? ጌታው ተቆጣ። «ጉድጓድህን ድፈን» አለ ወንድይራድ። ዘወልዴ ደፈነ። አስካለ ዕቃ ስታስር ገመዱን ሊበጠስ እስኪደርስ ሳበችው። ዘወልዴ «ተቀየምሽኝ?» አላት። «ተቀይሜሃለሁ» አለችው። «ብትለቃት ግን አብሬህ አልኖርም ነበር። ያን ጥግ ያዝ፣ አንሣ።»

ጅብራዎች ደርሰው «ና፣ እኛ ቦታ እንስጥህ» አሉት። ዘወልዴ እምቢ አለ። «ያን ሩር የያዝኋት ለበሩ ነው እንጂ ለእናንተ አይደለም። መሬታችሁን ብወስድ ሸጥኳት ማለት ነው።» ሄዶም የማንም ባልሆነው ሜዳ ጥግ ላይ ጎጆ ቀለሰ።

ጅብራዎች ግን አጥናፉ ሩሯን እንዴት እንደ ነካት አይተዋል። «ከሌባ ጋር ገና አንጫወትም» አሉ። አስታዬዎችም «ሌባ እናንተ» አሉ። ያን ዓመት ገበያ ላይ ተፈነካከቱ፣ ውኃ ላይ ተፈነካከቱ፣ የተጫጨው ፈረሰ። ልደት ሲቃረብ የሁለቱም ሽማግሌዎች ወደ ዘወልዴ ጎጆ መጡ፤ ወንድይራድም ከኋላ ሆኖ መጣ። «አንተ በሩን ከያዝህ እንጫወታለን» አሉት።

«እኔ አንድ ነኝ፣ በሩ ሁለት ነው» አለ ዘወልዴ። «አስታዬ የገዛ ልጁን ለጅብራ በር ይስጥ። ጅብራም የገዛ ልጁን ለአስታዬ በር ይስጥ።»

ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። «የገዛ ልጃችን በገዛ ወገኑ ላይ?»

አስካለ ከምድጃው ዳር ቀና አለች። «ምን ያስደነግጣችኋል? ሴት ልጅ ስትድሩ ከዛሬ ጀምሮ የባልሽን ቤት ጠብቂ ትሏት የለም እንዴ? እሷ በአሥራ ምናምን ዓመቷ የቻለችውን ጺማም ወንድ ያቅተዋል?»

ሽማግሌዎቹ እሺ ብለው ተነሡ።

የገና ዕለት በጅብራ በር የወንድይራድ ልጅ አጥናፉ ቆመ። ድንጋዮቹን ዳሰሰ፣ «በሩን ተረከብሁ» አለ። ቀኑ ሲያዘቀዝቅ ከአስታዬ ወገን የአጎቱ ልጅ ሩሯን ለጋት፤ ጨዋታውን የምትጨርስ ሩር ነበረች። አጥናፉ ዱብ ብሎ ተንበረከከና ያዛት። ወንድይራድ ከመቀመጫው ተነሣ፣ በትሩን አነሣ። አጥናፉም ሩሯን ይዞ ቀና ብሎ አባቱን አየው። ወንድይራድ በትሩን አወረደ።

«ምን ላድርግ» አለ፤ «የዘወልዴ በር ወገን አያውቅም።»

ከዚያ ወዲያ ለዘወልዴ ያን የሜዳ ጥግ የሰጠው የለም፤ ተነሥ ያለውም የለም። ልጁ እዚያው አደገ።

እነሆ እስከ ዛሬ በዚያ አገር በረኛ የሚቆመው ለባላጋራው መንደር ነው። ሁለት ሰው ተጣልቶ ሽማግሌ ሲመርጥም እያንዳንዱ ከባላጋራው ወገን ይመርጣል። የተመረጠው ወደ ዘመዱ ዘንበል ያለ እንደሆነ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት «የዘወልዴ በር ወገን አያውቅም» ትላለች። ወዲያው ቀጥ ይላል።

እኔ ከእናቴ የሰማሁት ይህንኑ ነው። የጨመርኩት ካለ ጨው ነው።