የ«ቆዩኝ» ምት

ጉርድ አምባ ላይ ከበሮ ልማር ብሎ ለመጣ ሰው ከበሮ አይሰጠውም። መጀመሪያ የሚጠየቀው አፉን ነው። «ማን አለ፣ ማን ቀረ፣ ቆዩኝ፣ ቆዩኝ፣ መጣሁ» እያለ ምቱን በቃሉ ሲያወጣ ይከርምና፣ ምላሱ ካልተሰናከለ ብቻ እጁ ቆዳውን ይነካል። የሌላ ደብር ሰዎች «እናንተ ከበሮ ትመታላችሁ ወይስ ታለቅሳላችሁ?» እያሉ ይቀልዱብናል። ይቀልዱ! ነገሩ ከየት እንደመጣ ቢያውቁ አፋቸውን ይይዙ ነበር።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ በአንድ ክፉ ዘመን ወረርሽኝ ገብቶ አገሩን ጠራርጎት ሄደ፤ ከሞት የተረፈውም ወደ ቆላ ሸሸ። የደብሩን የትንሣኤ ምት ከሚያውቁት ሁሉ የቀሩት የኔታ ስነ ጊዮርጊስ ብቻ ነበሩ ይባላል። ሚስታቸውንም፣ ልጆቻቸውንም፣ አብረዋቸው የሚያሸበሽቡትንም ቀብረው ሲያበቁ፣ ራሳቸው በሳል ተይዘው መደብ ላይ ወደቁ። ውሃ የምታቀብላቸው ጎረቤታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ነበረች። እሷም ባሏን ቀብራ ብቻዋን የቀረች ናትና፣ ሳላቸው በግድግዳው በኩል ሲሰማት ሰው አለ ብላ ትጽናና ነበር አሉ።

የኔታ ሞትን አልፈሩም፤ የፈሩት ምቱ አብሯቸው እንዳይቀበር ነው። እንዳያስተምሩ ደግሞ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ሆነ፤ በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም። አትጠገብ «እንግዲያው ጉልበትዎን መታ መታ እያደረጉ ያሳዩኝ» ብትላቸው፣ «በጉልበትም ቢሆን ምት ምት ነው!» ብለው ተቆጡ። ግትር ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና። በመጨረሻ ግን አፍ አልተከለከለም ብለው፣ ለሙታኖቻቸው ሲሉት የሚውሉትን ቃል በምቱ ልክ እየጣሉ ያስይዟት ጀመር። «ማን አለ» የከበሮው ሰፊ ጎን ነው፣ «ቆዩኝ» ጠባቡ ጎን። ሁለተኛውን «ቆዩኝ» ካሉ በኋላ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ደረታቸውን ይዘው ዝም ይሉና «መጣሁ» ይላሉ። አትጠገብም ቃሉን ከነዝምታው ያዘችው። ሆሳዕና ሳይደርስ የኔታ አረፉ።

ትንሣኤ ሲደርስ በደብሩ የቀሩት ቄስ ፈንቴ ከበሮውን አንገታቸው ላይ አጥልቀው ቆሙ። ቄስ እንጂ ማኅሌታይ አልነበሩምና ምቱን አያውቁትም። አትጠገብ በሴቶች በኩል ብቻዋን ቆማ ቃሉን ጮክ ብላ አወጣች፤ እሳቸውም እሷን እየተከተሉ መቱ።

«እዚች ጋ ይጎድላል እኮ» አሏት በኋላ። «አንድ ምት ብንጨምርበትስ?»

«የለም አባ፣ እዚያ ጋ የኔታ ይተነፍሱ ነበር። እሱን አይሙሉብኝ፤ ሌላ የቀረኝ የለም።»

ቄሱም ተዉት። የሸሸው ሕዝብ ቀስ በቀስ ተመልሶ ምቱን ከአትጠገብ አፍ ተቀበለ ይባላል። ዛሬ በትንሣኤ ደብሩ ሞልቶ፣ እልልታው ቀልጦ ሳለ፣ ሁለተኛው «ቆዩኝ» ሲያልቅ ከበሮው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። እንግዳ ሰው የተሳሳትን ይመስለዋል። እኛ ግን እየጠበቅናቸው ነው።