በቢጫ ጀሪካን የመጣው ውሃ

ትርንጎ፣ አስቀድሜ ስለ እጅ ጽሑፌ ይቅርታ አድርጊልኝ። ዶሮ የጫረችው ይመስላል። የፊደል ስሕተትም አይጠፋውም፤ ስምንተኛን እንደ ምንም ጨርሼ ዘጠነኛን ሳላጋምስ የተመለስኩ መሆኔን ታውቂያለሽ። አንድ ቤት እያደርን የምጽፍልሽ ፊት ለፊትሽ አፌ አልታዘዝ ስላለኝ ነው። ትናንት ጎመን ስንቀነጥስ «አባባ ‹ከተማ ለልጅ ይሰፋል፣ እህትሽ የደረሰባት ይበቃል፣ አልልክሽም› ይሉኛል። እውነት ከተማው ሰፍቶሽ ነው የተመለስሽው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም ጎመኑን ላጥብ ብዬ ተነሣሁ። መልሱን ይኸው በምሳሌ እነግርሻለሁ። የከተማ ሰዎች በመስታወት ሣጥን ውሃ ሞልተው ዓሣ ቤት ውስጥ እንደሚያኖሩ አክስታችን ዘንድ አይቻለሁ። ነገሩን ከዚያ ወሰድኩት እንጂ የምነግርሽን ሰውዬ አላውቀውም።

አንድ ፀጉር አስተካካይ ነበረ። ሱቁ ከገበያው ጀርባ ያለች፣ በቆርቆሮ የተሠራች፣ አንድ ወንበር ብቻ የምትይዝ ነበረች። በመስኮቷ ሥር ትንሽ የመስታወት ሣጥን አስቀምጦ ሰባት ዓሦች ያኖር ነበር። ተራ የሚጠብቅ ሰው እነሱን እያየ ሳይሰለቸው ይቆያል። ሰውየውም ቢሆን ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ሰላምታ የሚሰጠው በመጀመሪያ ለእነሱ ነበር።

ዓሦቹ አደጉና ሣጥኑ ጠበባቸው። ሲዞሩ እርስ በርስ ይጋጩ ጀመር፤ የአንዳንዶቹ ጅራት ተሸረፈ። ሰውየውም በዚያው ሰሞን ሥራው ሰምሮለት በአንድ ትልቅ ሕንፃ ምድር ቤት ሰፊ ሱቅ ተከራየ። «እኔ ስሰፋ እነሱ ሊጠባቸው አይገባም» ብሎ የግድግዳውን እኩሌታ የሚያህል የመስታወት ሣጥን አሠራ። ከዚያም ዓሦቹን ወደሸጡለት ሽማግሌ ሄደ።

«አባቴ፣ እንዴት አድርጌ ላዛውራቸው?» አላቸው።

«የቧንቧውን ውሃ ሁለት ቀን አስቀድመህ ሞልተህ አሳድረው» አሉት። «ዓሦቹን ስታመጣ የድሮውን ውሃ በጀሪካን ቀድተህ ጨምርበት። አሸዋውንም እንዳለ ገልብጠው፤ እንዳታጥበው።»

«ውሃው እኮ ደፍርሷል፣ አባቴ። አረንጓዴ ሆኗል።»

«ደፈረሰ የምትለው አንተ ነህ። ለእነሱ ያደጉበት ነው። ሰፊ ቦታ ይበቃቸዋል ብለህ ባዶ ውሃ ውስጥ እንዳትከታቸው፣ ልጄ።»

ሰውየው ምክሩን ተቀበለ። አዲሱን ሣጥን ሁለት ቀን አስቀድሞ ሞላው። ሱቁ በሚመረቅበት ዕለት ጠዋት የድሮውን ውሃ በቢጫ ጀሪካን፣ አሸዋውን በባልዲ፣ ዓሦቹን ውሃ ባለው ላስቲክ ይዞ መጣ። ሁሉንም ከሣጥኑ ሥር አስቀምጦ እጅጌውን ሲሰበስብ እንግዶቹ ካሰበው ሰዓት ቀድመው ደረሱ።

እንግዶቹ የሕንፃው ባለቤትና የዚያው ሕንፃ ነጋዴዎች ነበሩ። ሁሉም ክራቫት አስረዋል። ፀጉር አስተካካዩ ለእነዚህ ሰዎች ከገበያው ጀርባ መምጣቱን አልነገራቸውም፤ እነሱም አልጠየቁትም። ከመካከላቸው አንዱ የጀሪካኑን አፍ አሽትቶ አፍንጫውን ያዘ።

«ምነው ጎረቤት፣ የምትከፍተው ፀጉር ቤት ነው ወይስ ጠላ ቤት?» አለው።

«ጠላስ በሆነልን» አለ ሌላው። «ይሄ አተላ ነው።»

ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ የምርቃት ቀን ሳቅ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ግን ጆሮው ድረስ ጋለ። የቆርቆሮዋ ሱቅ ከነጭቃዋ፣ ከነዝገቷ እዚያ መካከል የቆመች መሰለው። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። «የዓሦቼ ውሃ ነው» ቢል ምንም አይሆንም ነበር። አፉ ግን ቀደመው።

«ቀለም ቀቢዎቹ ረስተውት የሄዱት እጣቢ ነው» አለ።

ይህን ካለ በኋላ እጣቢውን ዓሦቹ ላይ ሊጨምር አይችልም። ጀሪካኑን በራሱ እጅ አንሥቶ ወጣና በሰዎቹ ፊት ቦዩ ውስጥ ደፋው። ተመልሶ የአሸዋውን ባልዲ ወሰደ፤ እሱንም ደፋው። ከዚያ ገብቶ ዓሦቹን እንደ ብርጭቆ በጠራው ውሃ ውስጥ ለቀቃቸው። እንግዶቹ አጨበጨቡ። የሕንፃው ባለቤት «ቤትህ ይስፋ» ብለው መረቁት። እሱም «አሜን» አለ።

በሦስተኛው ቀን ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ይገጥሙ ጀመር። ሳምንቱ ሳይሞላ ሰባቱም አለቁ። ሰውየው በፊት ፎጣ ጠቅልሎ ቀበራቸው። ደንበኞች «የት ሄዱ?» ሲሉት ምላጭ የሚፈልግ መስሎ መሳቢያ ይከፍት ነበር።

ወሬው ደርሷቸው ሽማግሌው መጡ። በባዶው ሣጥን ፊት ብዙ ቆሙ።

«ውሃውን ጨምረህ ነበር?» አሉት።

«ጨምሬ ነበር።»

«አሸዋውንስ?»

«እንዳለ ነው የገለበጥኩት።»

ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹ። «እንግዲያ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ይህን ሁሉ ዘመን ዓሣ ይዤ አላወቅኩም ማለት ነው። ስፋቱ ነው የጨረሳቸው። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁት። ፀጉር አስተካካዩም ይቅርታውን ተቀበለ።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ምክር ለሚጠይቃቸው ሁሉ «ይቅርባችሁ፣ በጠባቡ ይኑሩ፤ እኔ መክሬ የሰው ዓሣ አስጨርሻለሁ» ይሉ ነበር። አንድ ቀን አንድ ልብስ ሰፊ ፀጉሩን ሊቆረጥ መጥቶ «የኔዎቹ ዓሦች ሣጥኑ ጠቧቸው ሊያልቁ ነው። ሰፊ ሣጥን ልገዛ ነበር፣ ሽማግሌው ግን ስፋት ይገድላል ብለው ከለከሉኝ» ብሎ ነገረው። መቀሱ ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ በመስታወቱ ውስጥ የራሱን ፊት አየ። እውነቱን ቢናገር የልብስ ሰፊው ዓሦች ይተርፉ ነበር፤ ሽማግሌውም ቀና ይሉ ነበር።

«አንገትህን ትንሽ ዘንበል አድርግ» አለና መቁረጡን ቀጠለ።

እንግዲህ ትርንጎ፣ ፀጉር አስተካካዩ እኔ ነኝ። ያላጠፉትን ጥፋት ተሸክመው የሚዞሩት ሽማግሌ አባባ ናቸው። የልብስ ሰፊው ዓሦች አንቺ ነሽ። ከተማው አልሰፋኝም። ቦታው ጥሩ ነበር፤ አስተማሪዎቹም ጥሩ ነበሩ። የመጣሁበትን ውሃ በሰው ፊት የደፋሁት እኔ ነኝ። አንቺ ሂጂ። ስትሄጂ ግን ከዚህ ቤት የያዝሽውን አንዱንም እንዳትደብቂ፤ የሚስቅ ይሳቅ።

አባባ ማንበብ አይችሉም። ቅዳሜ እኔ ወፍጮ ቤት ስሄድ ከዚህ በታች ያለውን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ፊታቸው ቆሜ ልናገር ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ከብቶቹ ጠይቄ ተመልሻለሁ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም።

አባባ፣ እኔ የውብዳር ነኝ። ከተማው ሰፋኝ ብዬ የመጣሁት ውሸቴን ነው። በኅዳር ወር ቆሎና ድንች በማዳበሪያ ተሸክመው ሊያዩኝ የመጡ ጊዜ ጥበቃው «እዚህ የለችም» ብሎ መለሰዎት። እርስዎም እስከ ዛሬ «ትምህርት ቤቱን ተሳስቼ ነው» ይላሉ። አልተሳሳቱም። ጥበቃው ወደ ግቢ ገብቶ «የውብዳር የምትባል፣ አባትሽ ነኝ የሚሉ ሰው በር ላይ ቆመዋል» ሲል እኔ ከልጆቹ ጋር ግንቡ ሥር ተቀምጬ ነበር። ልጆቹ በበሩ ፍርግርግ አሻግረው አዩዎት። የጎማ ጫማዎን አይተው ሳቁ። አንዷ ወደ እኔ ዞራ «ያንቺ ናቸው እንዴ?» አለችኝ።

እኔም «አላውቃቸውም፣ ሌላ የውብዳር ትሆናለች» አልኩ። ማዳበሪያውን መልሰው ትከሻዎ ላይ ሲያወጡት እዚያው ተቀምጬ አየሁዎት።