ሰንጋው ያልታረደበት ዓርብ

ሉባባ የምትባል ሴት ነበረች። የሰፈሯ መስጊድ ክርስቲያን ጎረቤቶቹን ሊጠራ አስቦ መሰናዶውን ለእሷ ሰጥቷት ነበር። ዳሱን፣ ንግግሩን፣ ምሳውን ሁሉ ካሰበች በኋላ አንድ ነገር ሲቀራት ወደ ሼህ ጀውሃር ሄደች።

«ሼሃችን፣ ጎረቤቶቻችን መጥተው እንዲያዩን ልንጠራቸው ነው። ከዲናችን የቱን አስቀድመን ብናሳያቸው ነው በቅጡ የሚያውቁን?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ሼሁ መቁጠሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ቁጭ በይ፤ ቆማ የምትሰማ ሴት ግማሹን ነው የምትሰማው» አሉና እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

አንድ ሰው ነበረ። ሙስሊም ነው፣ ባለጸጋ ነው፤ ከብቱ ወንዝ ሲወርድ ውኃው እስኪደፈርስ ድረስ የሞላለት። ከወንዙ ማዶ ደግሞ አንድ ክርስቲያን ገበሬ ነበረ። ሁለቱ አብረው ያደጉ ወዳጆች ናቸው። ባለጸጋው በየጧቱ አንድ ቅል ወተት ወደ ማዶ ይልካል። ጾም ሲገባ ያቆማል፤ ጾም በተፈታ ዕለት ጧት ወተቱ ገበሬው ደጅ ይገኛል። የክርስቲያኑን ጾም መግቢያና መውጫ ከገበሬው ልጆች ይልቅ እሱ ያውቀው ነበር። የገበሬው ሚስት እንኳ «እኔ ጾም መግባቱን የማውቀው ቄሱ ሲናገሩ ሳይሆን ወተቱ ሲቀር ነው» እያለች ትስቅ ነበር። ገበሬውም በረመዳን ቀን ወዳጁን መንገድ ላይ ካገኘው፣ ጥም ቢያቃጥለው እንኳ በፊቱ ውኃ አይጠጣም።

አንድ ዓመት የባለጸጋው ከብቶች የገበሬው ማሽላ ውስጥ ገብተው አወደሙት። ገበሬው ከብቶቹን ነድቶ በረቱ ውስጥ ዘጋባቸው። ባለጸጋውም ይቅርታ ሊጠይቅ ሲገባው በሰው ፊት ተቆጣ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ «ከእንግዲህ እኔ ያንተን ደጅ አልረግጥም፣ አንተም የኔን እንዳትረግጥ» አለው። በሁለት ሰው አፍ የተጀመረው ነገር ሁለቱን መንደር አዳረሰ። ሠርግ መጠራራት ቀረ። ገበያ ሲሄዱ ሰላምታው እንኳ ቀረ። ወተቱማ በማግስቱ ነው የቀረው።

ከዚያ የገበሬው ሚስት ሞተች። ባለጸጋው ለቅሶውን ከወንዙ ወዲህ ሆኖ ሰማው። ጋቢውን ለብሶ እስከ ወንዙ ወረደ። ያ የተናገረው ቃል ግን እግሩን ያዘው፤ ውኃውን ሲያይ ቆይቶ ተመለሰ። በእኛ አገር ሠርግ የቀረ ሰው ምክንያት ይነግርና ይታረቃል። ቀብር የቀረ ሰው ግን ምን ይላል? ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ፤ ባለጸጋው አረጀ። ሀብቱ አላነሰበትም፣ ልጆቹም ደርሰውለታል፤ ያን ሰው ሳይታረቅ መሞትን ግን ፈራ። ሽማግሌ ላከ። ገበሬው ሽማግሌዎቹን አስቀምጦ፣ አብልቶ፣ «ኧረ እኔ አልተቀየምኩትም» ብሎ ሸኛቸው። ይህ መልስ ከቂም ይከፋል፤ የሚታረቁበትን ነገር እንኳ አይሰጥም።

በዚያ ሰሞን የመስጊዱ ጀማዓ ተማከረና፣ ይህ መኳረፍ ይብቃ፣ የማዶዎቹን ሁሉ ጠርተን እናብላ፣ እኛንም ይወቁን አለ። ልክ እንዳንቺ ማለት ነው። ባለጸጋው ይህን ሲሰማ ልቡ ዘለለ። ግብዣው በእኔ ይሁን አለ፤ ጀማዓውም እሺ አለው።

ምን ያላሰበው ነገር አለ! ለሙስሊሙ በሬ ታረደ። ለክርስቲያኖቹ ደግሞ የበረቱን ምርጥ ሰንጋ ሳያርድ አሰረው፤ የእነሱ ሰው በገዛ እጁ ባርኮ ይረደው ብሎ። አዲስ ቢላዋ አስሎ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለ። ሁለት ዳስ አስጣለ፤ ሥጋው እንዳይቀላቀል ምድጃውንም ዕቃውንም ለየብቻ አደረገ። ይህ የአባቶቻችን ወግ ነው፣ ነውር የለበትም። ቀኑንም ራሱ ቆረጠ፦ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሙስሊሙ ሁሉ በሚሰበሰብበት።

ዓርብ የክርስቲያን ጾም መሆኑን ረስቶ አይደለም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ግን ክርስቲያን ዓርብም ሥጋ ይበላል፤ እሱም ሃምሳው አላለቀም ብሎ ነው። ፋሲካ ደግሞ በየዓመቱ ቀኑን ይለዋውጣል። ያን ዓመት ቀደም ብሎ ውሎ ነበርና ሃምሳው አልቆ የሰኔ ጾም ገብቷል። ድሮ ቢሆን ወተቱ ይነግረው ነበር። ወተት መላክ ከተወ ወዲህ ግን የሚቆጥርበት ምክንያት አልነበረውም። ከወንዙ ወዲህ ያለው ሰው ሁሉ እንደ እሱ ነው፤ ከተኳረፉ በኋላ የጎረቤቱን ጾም የቆጠረ አንድም አልነበረም።

ዓርብ ደረሰ። ባለጸጋው ከሶላት ወጥቶ በቀጥታ ወደ ወንዙ ሄደና ቆመ። የማዶዎቹ መጡ። ሽማግሌዎቹ ከቄሳቸው ጋር ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ውኃውን ሲሻገሩ አያቸው። ገበሬው ምርኩዙን ይዞ መሐል ላይ ነበረ። ባለጸጋው ሁሉንም አንድ በአንድ ጨበጠ። ገበሬውም እጁን ዘረጋለት፤ ዐይኑን ግን ከመሬት አላነሣም።

ዳሱ ውስጥ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ባለጸጋው ቢላዋውን በሁለት እጁ አቀረበ። «ሰንጋው ያውና፤ ባርካችሁ እረዱልኝ» አለ። እጁን የዘረጋ ሰው ጠፋ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ፤ አቀረቀሩ። ወደ ቄሱ ዞረ፤ ቄሱም አቀረቀሩ። ባለጸጋው ሊያዋርዱኝ ነው የመጡት ብሎ አሰበ። ያን ጊዜ ገበሬው ምርኩዙን ተደግፎ ተነሣና ከእሱ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ ተናገረ።

«ጾም ገብቷል። ሰኞ ገባ። ጥሪው ሲነገረን ሊንቁን ነው ያለም ነበር፤ እኔ ግን ተሳስቶ ነው እንጂ እሱ እንዲህ አያደርግም አልኩ። ከጠራኸን ደግሞ መቅረት አልሆነልንም።»

ባለጸጋው ቢላዋው እጁ ላይ ከበደው። ያቺ የሞተችው ሴት ስለ ወተቱ የምትለው ትዝ አለው፤ ወተቱ ከቀረ ወዲህ ስንት ጾም ገብቶ ስንት ጾም እንደወጣ አሰበ። አፈረ። ከዘመዶቹ አንዱ ጠጋ ብሎ «የእኛ ሥጋ ደርሷል፤ እኛ እንብላ፣ ለእነሱ ሽምብራ ይቆላላቸው» አለው። ምክሩ ክፉ አልነበረም፤ ብዙ ሰው ይህንኑ ያደርግ ነበር።

ባለጸጋው ቢላዋውን በጨርቁ መልሶ ጠቀለለ። ወደ ሙስሊሞቹ ምድጃ ሄደና ድስቶቹን በየተራ ከደናቸው። ጎንበስ ብሎ እንጨቱን ከሥራቸው አወጣ፤ ሽማግሌ ነውና ሲቀና ጉልበቱን ይዞ ነው። «እንግዳዬ እየጾመ እኔ አልበላም። በስንት ሰዓት ነው የምትቀምሱት?» አለ።

ቄሱ «በዘጠኝ ሰዓት» አሉ።

«እንግዲያው እኛም በዘጠኝ ሰዓት ነው።»

ኢማሙ ተነሡና ጫማቸውን አውልቀው ክርስቲያኖቹ ዳስ ገቡ፤ ከቄሱ አጠገብ ተቀመጡ። ጀማዓውም አንድ በአንድ ተከተላቸው። ሁለተኛው ዳስ ባዶውን ቀረ።

የሚበላ ነገር ግን ያስፈልጋል፤ ባለጸጋው ቤት ደግሞ ቅቤ ያልነካው ድስት የለም። ገበሬው ማዶ ልኮ የቤቱን ትልቅ ድስት አስመጣ። የባለጸጋው ሚስት ባቄላና ስንዴ አወጣች፤ የዚህም የዚያም ሴቶች አብረው ጣዱት። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ልጄ፣ ስለዚያ መጠበቅ ምን ብዬ ልንገርሽ? ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ከጧት ጀምሮ ለሥጋ የተዘጋጀ፣ የጥብሱ ሽታ ገና ከአየሩ ሳይጠፋ፣ ዳስ ሙሉ ተቀምጦ ፀሐይ እስክታዘነብል ጠበቀ። ሰንጋውን የፈታው ሰው ስለነበር ሣሩን ሲነጭ ይሰማል። መሐል ላይ የአንዱ ሆድ ጮኸ፤ የትኛው ወገን እንደሆነ ስላልታወቀ ሁሉም ሳቀ። ያን ቀን እዚያ የነበሩ ሰዎች ይህን ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቄሱ ባረኩ፣ ኢማሙ ቢስሚላህ አሉ። ንፍሮው በትሪ በትሪ ቀረበ። ንፍሮ ላይ የማንም ቢላዋ አላረፈም፤ ሙስሊሙም ይበላዋል፣ ክርስቲያኑም ይበላዋል። የዚያ አገር ሰው ለዘመናት ሁለት ዳስ እየጣለ፣ ሁለት ምድጃ እያነደደ ሲከባበር ኖሯል። ያን ቀን ግን የሁለቱም እጅ በአንድ ትሪ ላይ ወረደ። አስቦ ያደረገው ማንም አልነበረም። ሱብሃነላህ።

ንፍሮ ደግሞ፣ ታውቂያለሽ፣ የልቅሶ ቤት እህል ነው። ገበሬው ከትሪው አንድ እፍኝ አፈሰና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ባለጸጋውን አየው።

«እንካ። ይሄ የሷ ንፍሮ ነው» አለው።

ባለጸጋው በሁለት እጁ ተቀበለ። ሲበላ እንባው ጢሙ ላይ ወረደ፤ አልጠረገውም። «ወንዙ ድረስ ወርጄ ነበር» አለ።

ገበሬው «አይቼሃለሁ። ቀኑን ሙሉ ወደዚያ ሳይ ነው የዋልኩት» አለ።

የሰኔው ጾም የተፈታ ዕለት ጧት አንድ ቅል ወተት ገበሬው ደጅ ላይ ተገኘ። ሰንጋውስ የት ደረሰ ትዪኝ ይሆናል። ታረደ እንጂ፤ ጾሙ ሲፈታ በገበሬው እጅ ታረደ። ያን ቀን ዳሱ እንደ ወጉ ሁለት ነበር፤ ቅር ያለው ሰው ግን አልነበረም።

ሼህ ጀውሃር ይህን ብለው መቁጠሪያቸውን አነሡ። ከዚያ ወደ ሉባባ ዞሩ።

«ልጄ፣ ከዲናችን የቱን እናሳያቸው ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያ ባለጸጋ ሊያሳያቸው ያሰበው ሰንጋውን ነበር፤ እነሱ ያዩት ግን ድስቱን ሲከድን ነው። ያንቺ ንግግር፣ ያንቺ ዳስ፣ ያንቺ ምሳ ያ ሰንጋ ነው። ሰንጋው ያማረ ነው፣ አትተዪው። ግን ጎረቤትሽ አንቺን የሚያውቅሽ እሱ የሚጠብቀውን አብረሽ ስትጠብቂለት ነው። ለመሆኑ ቀኑን ቆርጣችኋል?»

«አዎ፣ ሼሃችን።»

«ማን ቆረጠው?»

ሉባባ ሻሿን አስተካከለች። «እኛው ነን» አለች በመጨረሻ።

«እንግዲያው ባለጸጋው አንቺ ነሽ። ተነሺ፣ ፀሐይ ሳለ ወደ ጎረቤቶችሽ ተሻገሪና ጠይቂያቸው።»

ሉባባ የሼሁን ጉልበት ስማ ተነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ከኋላዋ ጠሯት።

«ሉባባ፣ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ወተት ይዘሽ ሂጂ። ጾም ከሆነ ይነግሩሻል።»